ባሌስትራ ከማስጨመርህ በፊት

ኮምቦልቻ፣ ጥር

ለማከብርህና ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እናትህ፣ ባለቤትህና ልጆቹስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደኅና ነን። ዝምታችን መርዘሙ ይታወቀኛል፤ ማን ቀድሞ መጻፍ ነበረበት የሚለውን ግን ስንገናኝ ቡና ላይ ብንከራከርበት ይሻላል። ዛሬ ብዕር ያስጨበጠኝ ታናሽ ወንድምህ ነው። ሰሞኑን ደሴ አግኝቼው፣ የገዛሃት ሃይሉክስ ፒካፕ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርድ በየመታጠፊያው እንደምትዋልል፣ ፍሬን ሲያዝም አፍንጫዋን እንደምትደፋ፣ አንተም ለዚሁ መላ ብለህ የኋላ ባሌስትራ ልታስጨምር እንዳሰብህ አጫወተኝ። እባክህ ይህን ደብዳቤ ሳትጨርስ ወደ ባሌስትራ ሠሪው አትሂድ፤ እኔ የምጠረጥረው አሞርዛተሩን ነው።

ጭነቱን የሚሸከሙት ከኋላ ተደራራቢ የብረት ዝርግ የሆነው ባሌስትራው፣ ከፊት ጥምዝምዙ ሞላው ናቸው። አሞርዛተሩ፣ ወጣቶቹ መካኒኮች ሾክ የሚሉት፣ ሥራው ሌላ ነው። ሞላው ጉድጓድ ላይ ከተጨመቀ በኋላ ተመልሶ ሲዘረጋ እንዳሻው እንዳይዘል የሚገታው እርሱ ነው፤ ፒስተኑ በውስጡ ባለው ዘይት ላይ ሲመላለስ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎች ተጨንቆ ስለሚያልፍ የዝላዩ ጉልበት ወደ ሙቀት ተለውጦ ያልቃል። ዘይቱ ከፈሰሰ ወይም ቫልቩ ከተበላ ሞላው ልጓም እንደሌለው በቅሎ ይሆናል። እንግዲህ በዚህ ላይ ባሌስትራ ስትጨምርበት የሚገታው ሳይኖር ጉልበቱን ብቻ ታበዛለታለህ፤ ባዶዋን ስትነዳት ከበፊቱ ይልቅ ትዘላለች፣ ጎማውም መሬቱን በደንብ መርገጡን ይተዋል። በአገራችን ይህ ስሕተት የተለመደበት ምክንያት፣ እንደሚመስለኝ፣ ባሌስትራ ለዓይን ስለሚታይና ተጨምሮ ሲያዩት ገንዘቡ የት እንደገባ ስለሚታወቅ ነው። መኪናዋ ባዶዋን ቆማ ጭራዋ ዝቅ ካለ ግን የደከመው ባሌስትራው ነው፤ ያኔ ደግሞ አዲስ አሞርዛተር ይህ ነው የሚባል ከፍታ አይጨምርላትም።

ለመመርመር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ማዕዘኗን በኃይል ተጭኖ መልቀቅ ነው፤ ወደ ላይ ተመልሳ መርጋት ሲገባት ደጋግማ ከተወዛወዘች አሞርዛተሩ ደክሟል። ፒካፕ ግን፣ በተለይ ከኋላ፣ ጠንካራ ስለሆነች በእጅ ግፊት ብቻ ነጻ ናት ብለህ አትፍረድ። እኔ ይበልጥ የምተማመነው በመዳሰስ ነው። በፒስታ (አስፋልት ባልለበሰ) መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ነድተህ እንደቆምህ፣ የአራቱንም አሞርዛተሮች ገላ በጀርባ እጅህ ቀስ ብለህ ንካ፤ የሞቀው ሲሠራ የመጣ ነው፣ ከአቻው ይልቅ የቀዘቀዘው ሥራ ያቆመ ነው። ይህን ከሐረጎ እንደወረድህ አታድርገው። ከደሴ 2,400 ሜትር ከሚያልፍ ከፍታ ተነሥተህ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ኮምቦልቻ ስትወርድ ፍሬኑ ይግላል፤ የእርሱ ሙቀት የፊቶቹን ሊያሳስትህ፣ እጅህንም ሊያቃጥልህ ይችላል። የጭስ ማውጫውም እንዲሁ ነው።

በገላው ላይ አቧራ የያዘ ቀጭን ወዝ ብታይ አትደንግጥ፤ ዘይቱ እስከ ታች ወርዶ ከረጠበ ግን መለወጥ አለበት። የጎማውንም ጥርስ ዙሪያውን በመዳፍህ አስሰው። እየቆየ ጎድጎድ፣ ከፍ የሚልብህ ከሆነ ጎማው ሲዘል ከርሟል ማለት ነው፤ በአንድ ጠርዝ ብቻ የተበላ ከሆነ ግን ነገሩ የአላይመንት፣ የጎማዎቹ አቅጣጫ መዛባት፣ ነው። በትንንሽ ጉድጓድ ላይ ቋ ቋ የሚል ድምፅም ካለ በመጋጠሚያው ያለው ላስቲክ፣ ጎሚኒው፣ ወይም የእግሩ መገጣጠሚያ ቴስቲናው ሊሆን ስለሚችል፣ በክሪክ አስነሥተህ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቀው።

መለወጡ ላይ ከደረስህ ሁለቱን የፊት ወይም ሁለቱን የኋላ በአንድ ላይ ለውጥ፤ አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ ሆኖ ፍሬን ሲያዝ መኪናዋ ወደ አንድ ወገን ልታደላ ትችላለች። ዕቃውንም በሻንሲ ቁጥሯ አስፈልግ፤ ባለ አንድና ባለ ሁለት ዲፈረንሻሉ ይለያያልና። የኋላው ከባሌስትራው ተለይቶ የታሰረ ስለሆነ ከላይና ከታች ፈትቶ ማውጣት ብቻ ነው። የፊቱ ነገር ከባድ ነው። ወንድምህ መኪናዋ ቪጎ የሚባለው የሃይሉክስ ሞዴል መሆኗን ነግሮኛል፤ በእርሷ ላይ ሞላው አሞርዛተሩን ከቦ፣ ተጨምቆ ነው የተቀመጠው። ከላይ መሐል ላይ ያለችው ዳዶ ሞላው በመጭመቂያ ሳይያዝ ብትፈታ ሞላው ተፈናጥሮ ሰው ሊገድል ይችላል። በሽቦና በሰንሰለት አስረን እንፈታዋለን የሚል ጋራዥ ካጋጠመህ መኪናህን ይዘህ ውጣ።

የፍሬኑ ጎማ ቱቦ የጎማውን እግር ክብደት ይዞ እንዳይንጠለጠል ይታሰር። ከአሮጌው ላይ የሚነሣውን የላይኛ ጎሚኒና የአቧራ መከላከያ አብረህ እይ፤ ከተሰነጠቀ አብሮ ይለወጥ። ብዙ መካኒክ በችኮላ የሚያልፋት አንዲት ነገር አለች፦ የታችኛው ቡሎን መጨረሻ የሚጠብቀው መኪናዋ ከክሪክ ወርዳ በጎማዋ ከቆመች በኋላ ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ይቀርና ሳይቆይ ይቀደዳል። ሥራው ሲያልቅ አላይመንት አስደርግ።

ደህና የሞላ መጭመቂያ ያለው መካኒክ እዚህ ኮምቦልቻ አውቃለሁ፤ ቀኑን ስትቆርጥ አስቀድመህ ላክብኝና ቦታ አስይዝልሃለሁ። ሐረጎን ጭነት ሳትይዝ፣ በከባድ ማርሽ ቀስ ብለህ ውረድ። ምሳ እኛ ቤት ነው። እናትህን እጅ ንሣልኝ።

ወንድምህ