ውርጩ ረፋድ ላይ የሚቀልጥበት ከተማ

አትላንታ፣ ጆርጂያ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ በፈጣሪ ቸርነት ደህና ነኝ። ከቤት ስወጣ «በስልክ የሚነገር ነገር ይበተንብኛል፤ ያየሽውን ሁሉ በወረቀት ጽፈሽ ላኪልኝ፤ መነጽሬን አድርጌ ደጋግሜ አነበዋለሁ» ብለውኝ ስለነበር፣ አሁን ከምንኖርባት ከሚኒሶታዋ ሴንት ፖል ወጥተን የምንገባበትን ከተማ ፍለጋ ሦስቱን ከተሞች ዞሬ ካየሁ በኋላ እነሆ በሰፊው እጽፍልዎታለሁ። ወንድሜን ሳያስቸግሩ ራስዎ እንዲያነቡት ፊደሉን ጎላ አድርጌዋለሁ።

ለመነሳት ስዘጋጅ በነበረው ምሽት «እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ብርድ ሸሽቶ አገር ለቀቀ መባል አልፈልግም» ያሉኝን አልረሳሁም። ያን ዕለት ዝም ያልሁት መልስ ስላልነበረኝ ነው። አሁን ያለኝ ይመስለኛል። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተወልደው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የሚወርደው ውርጭ አዝመራ ሲያቃጥል እያዩ አድገው፣ በርኖስ ደርበው በማለዳ ለሥራ ሲወጡ የኖሩ ሰው ብርድ ያስፈራዎታል ብዬ አስቤ አላውቅም። ነገር ግን የደብረ ብርሃን ውርጭ ሌሊቱን ሣሩ ላይ ያድርና ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ይቀልጣል፤ ሰውም ከብቱን ያሰማራል፣ ገበያውን ይሄዳል፣ ሽማግሌውም ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። የሴንት ፖል በረዶ ግን አንድ ጊዜ መሬቱን ከያዘ፣ አንዳንድ ዓመት እስከ ሚያዝያ ድረስ አይለቅም። በአገራችን ክረምት ማለት ዝናብ ነው፤ ገበሬው የሚናፍቀው፣ በአደይ አበባ የሚያልቅ ወቅት ነው። ይህንኑ ስም እዚህ ለበረዶው ወራት መስጠታችን እኔን ሁልጊዜ ቅር ይለኛል።

በ2011 ዓ.ም. ጥር 22 ቀን የነበረውን ያስታውሳሉ። ብርዱ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ደርሶ፣ ፖስታ ቤቱ እንኳ በሚኒሶታ ደብዳቤ ማደሉን ያቋረጠበት ቀን ነበር። እርስዎም መስኮቱ ዘንድ ቆመው «ይህስ ብርድ አይደለም፣ ቁጣ ነው» አሉን። በ2015 ደግሞ በአውሮፕላን ማረፊያው የተለካው የዓመቱ በረዶ ድምሩ ከ2 ሜትር በላይ ሆኖ፣ መኪናችንን ቆፍረን ስናወጣ እርስዎ ከላይ ሆነው በእጅ ምልክት ይመሩን ነበር።

ባለፈው ዓመት የከተራ ዕለት የደረሰብዎትን ማንሳት እንደማይወዱ አውቃለሁ፤ ሆኖም ይህ ጉዞ የተጀመረው ከዚያ ነውና ይፍቀዱልኝ። ነጭ ጋቢዎን ለብሰው ከመኪናው በር ሁለት እርምጃ ሲራመዱ፣ አስፋልቱ ላይ እንደ መስታወት ረግቶ በዓይን የማይለየው በረዶ ጣለዎትና የእጅዎ አንጓ ተሰበረ። አጥንቱ በስድስት ሳምንት ገጠመ፤ እርስዎ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ፋሲካ ድረስ ሐኪም ዘንድ ካልሆነ በቀር ከቤት አልወጡም። መቁጠሪያዎን ይዘው በሕንፃው ኮሪደር ሃያ ጊዜ ሲመላለሱ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ አይዎት ነበር። ለለቅሶም ለማኅበርም ሁለት ሰዓት በእግሩ ይሄድ የነበረ ሰው አርባ እርምጃ በማትሞላ ኮሪደር ውስጥ ሲመላለስ ማየት ለእኔ ከባድ ሆነብኝ። ስለዚህ ከተሞቹን ስዞር የፈለግሁልዎት ነገር አንድ ነው፤ በጥር ወር ማንንም ሳይጠሩ በራስዎ እጅ ከፍተው የሚወጡበት ደጅ።

በመጀመሪያ የሄድሁት ወደ ላስ ቬጋስ ነበር። የጥሩ ሰው ብዛት፣ የእንጀራው ቤት፣ የአማርኛው ጨዋታ ደስ ያሰኛል፤ በጥር ወር ቀኑ በአብዛኛው ፀሐያማ ነው፣ ሙቀቱም ከ14 ዲግሪ አካባቢ አይርቅም። በዚህ ብቻ ቢሆን ፍለጋዬ እዚያው ባበቃ ነበር። ዳሩ ግን በሐምሌ ወር የቀኑ ሙቀት በአማካይ 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 49 ዲግሪ ተጠግቶ የከተማዋ ከፍተኛው ሆኖ ተመዝግቧል። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ያነጋገርኋቸው አንዲት እናት «ልጄ፣ የእናንተ በረዶ ግማሽ ዓመት ያስቀምጣችኋል፤ እኛን ደግሞ ፀሐይዋ አራት ወር ቤት ትዘጋብናለች፤ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊት ካልወጣሁ ቀኑን ሙሉ አልወጣም» አሉኝ። እርስዎ ለደም ግፊት የሚወስዱት መድኃኒት ውሃ የሚያሸና በመሆኑ፣ እንዲህ ባለው ሙቀት ላብ ተጨምሮበት ሰውነትዎን ሊያደርቅ ይችላል። በዚህ ምክንያት ላስ ቬጋስን ተውኋት።

በዳላስ አካባቢ፣ በተለይ በጋርላንድ፣ ወገናችን ብዙ ነው፤ የቤቱም ዋጋ የሚቀመስ ነው። እዚያ የተቀበለችኝ ጓደኛዬ ግን በየካቲት 2013 ዓ.ም. የደረሰውን አጫወተችኝ። ብርዱ ድንገት ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ወርዶ፣ በቴክሳስ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶች መብራት ተቋረጠባቸው፤ የውሃ ቧንቧዎችም ፈነዱ። ሚኒሶታ ብርዱን ስለምታውቀው ቤቶቿን ለብርድ ሠርታለች፤ እዚያ ግን ብርዱ የሚመጣው ከስንት ዓመት አንድ ጊዜ ቢሆንም ሲመጣ ባዶ እጃቸውን ያገኛቸዋል። ይህ ብቻውን ከተማ አያስጠላም፤ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ያየኋቸው ቤቶች ሁሉ ያለ መኪና የትም የማያደርሱ መሆናቸው ነው። ስለ ሲያትል ጠይቀውኝ ነበር። በረዶው እምብዛም ነው፤ ሰማዩ ግን ከኅዳር እስከ መጋቢት እንደ ሐምሌ ሰማይ የጠቆረ ነውና አልሄድሁም።

አሁን ያለሁት አትላንታ ነው፤ ልቤም ያረፈው እዚህ ነው። በጥር ወር የቀኑ ሙቀት በአማካይ 12 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ሌሊቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ስለ ቀኑ ርዝመትም አስቤያለሁ። በታኅሣሥ አጋማሽ በሴንት ፖል ፀሐይ ዘጠኝ ሰዓት እንኳ ሳትሞላ ትጠልቃለች፤ እዚህ ወደ አሥር ሰዓት ትቆያለች። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰማይ ብርሃን ታይቶ ከተማዋን ደብረ ብርሃን እንዳሏት እየነገሩ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎትና፣ ይህች የአንድ ሰዓት ብርሃን ለእርስዎ ትንሽ እንደማትሆን አውቃለሁ።

ያየሁት ቤት በክላርክስተን አቅራቢያ ነው። ክላርክስተን ትንሽ ከተማ ስትሆን ከብዙ አገር የመጡ ስደተኞች የሰፈሩባት ናት፤ በጋቢ ቢወጡ ዞሮ የሚያይዎት የለም። ቤቱ ምድር ላይ ነው፣ ደረጃ የለውም፣ በስተ ምሥራቅ የሚከፈት በረንዳ አለው። ከበሩ እስከ ሐበሻ ሱቁ ድረስ በእርስዎ እርምጃ ልክ ቀስ ብዬ ተራመድሁና ዐሥራ አንድ ደቂቃ ወሰደብኝ፤ መንገዱም ከዳር እስከ ዳር የእግረኛ ማለፊያ አለው። ይህን አጥብቄ የምነግርዎት ከተማው በአብዛኛው እንዲህ ስላልሆነ ነው፤ ሌሎቹን አምስት ቤቶች የተውኋቸው የእግረኛ መንገድ በማጣታቸው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በመኪና ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። በጥምቀት ከቤት ውጭ ቆመው ማክበር ይችላሉ።

ጉድለቱንም ልደብቅዎት አይገባም። ክረምቱ፣ የእኛን ሐምሌና ነሐሴ ማለቴ ነው፣ ከ30 ዲግሪ በላይ የሆነና እርጥበት ያለው ሙቀት ነው፤ ለደጋ ሰው ይከብዳል፤ ጠዋትና ማታ እንጂ እኩለ ቀን ላይ መውጣት አይቻልም። በመጋቢት መጨረሻ የጥድ ዛፍ ብናኝ መኪናውንም በረንዳውንም ቢጫ ያለብሳል፤ ሳልዎ እንዳይነሳ እሰጋለሁ። በጥር 2006 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ስንዝር የማይሞላ በረዶ ጥሎ ከተማው በሙሉ ቆሞ፣ ሰው መኪናው ውስጥ አድሯል።

የወረቀቱ ጉዳይ እንዲህ ነው። በየወሩ የሚያገኙት የአረጋውያን ድጎማ፣ ኤስኤስአይዎ፣ የፌዴራል መንግሥት ስለሆነ አድራሻ በመቀየር ብቻ ይከተልዎታል፤ ክፍለ ግዛቱ የሚያክለው ገንዘብ ግን አብሮ አይጓዝም። ሜዲኬይድ፣ ማለትም የሕክምና ወጪዎን የሚሸፍነው የመንግሥት መድን፣ በየክፍለ ግዛቱ የሚተዳደር በመሆኑ የሚኒሶታው ተዘግቶ የጆርጂያው መከፈት አለበት። አሁን ወንድሜ በሰዓት እየተከፈለው እርስዎን የሚረዳበት ፕሮግራም እዚህ በዚያው መልክ ይገኛል ብዬ ቃል አልገባም፤ ወረፋ ሊኖረው ይችላልና እስከዚያው እኔና እሱ ሥራችንን ተራ በተራ አድርገን እንይዘዋለን። የምሠራበት ድርጅት እዚህም ቅርንጫፍ ስላለው ዝውውሩን ፈቅዶልኛል።

አባባ፣ ከሁሉ ይልቅ ለመጻፍ የከበደኝ «ከተንቀሳቀስሁ አይቀር ለምን አገሬ አልገባም?» ያሉኝ ጥያቄ ነው። ጥያቄዎ ትክክል ነው፤ እናቴ ያረፈችው እዚያ ነው፣ የሚያውቅዎት ሰው ያለውም እዚያ ነው። እኔን የሚይዘኝ የልብዎ ክትትልና መድኃኒቱ ነው፤ ደግሞም ከአሜሪካ ውጭ 30 ቀን ከቆዩ ኤስኤስአይዎ ይቋረጣል። በሌላ በኩል የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከግንቦት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ አትላንታ ስለሚመጣ፣ እንደ እስካሁኑ ቺካጎ ላይ ወርደው በተሽከርካሪ ወንበር ከበር ወደ በር መንከራተት ይቀርልዎታል። በየዓመቱ መስከረም ላይ ለሦስት ሳምንት ደብረ ብርሃን ደርሰው እንዲመለሱ ከአሁኑ ገንዘብ እያስቀመጥሁ ነው። ይህ የጠየቁኝን እንደማይተካ አውቃለሁ።

ቁርጡን አሁን እንዲነግሩኝ አልጠይቅም። የሴንት ፖሉ የኪራይ ውል እስከ ሰኔ ስለሚቆይ፣ ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ የካቲት እዚህ ከእኔ ጋር ቢከርሙና ገናንም ጥምቀትንም አይተው ቢወስኑ ይሻላል እላለሁ። «አልተመቸኝም» ካሉ አብሬዎት እመለሳለሁ፤ ዳግመኛም ነገሩን አላነሳም። መድኃኒትዎን የሁለት ወር አድርጎ እንዲያወጣ ለወንድሜ ነግሬዋለሁ፤ የሚኒሶታው ካርድ እዚህ ከድንገተኛ ሕመም በቀር ላይሠራ ይችላልና።

ዛሬ ጠዋት በረንዳው ላይ ቡናዬን ይዤ ስወጣ፣ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ አገኘሁት። ልክ የእርስዎ አገር ኅዳር ይመስል ነበር። ወንበር አውጥቼ ተቀመጥሁና ጠበቅሁ፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት ሲሆን ሣሩ ረጥቦ ያበራ ነበር፣ ውርጩ ግን የለም። ሲመጡ በርኖስዎን ይዘው ይምጡ፤ ለማለዳው ያስፈልግዎታል።

ጉልበትዎን እስማለሁ።

ልጅዎ