ጉድጓዶቹ በየትኛው ቀበሌ ናቸው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ አንድ የእርዳታ ሠራተኛ የወሎ ትዝታቸውንና አሠራኋቸው የሚሏቸውን የውሃ ጉድጓዶች የጻፉበትን መጽሐፍ አወድሳችኋል። መጽሐፉ ልብ ይነካል፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ግን ገቢው ለበጎ አድራጎት ይውላል ከተባለ አንባቢው ገንዘቡን የሚያወጣው ታሪኩን አምኖ ነውና፣ ታሪኩም ሒሳቡም መፈተሽ አለበት።

የአሜሪካዊው ግሬግ ሞርተንሰን ጉዳይ ሩቅ አይደለም። በፓኪስታንና በአፍጋኒስታን ትምህርት ቤት እንደሚያሠራ የጻፈው መጽሐፍ በሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። በ2011 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ቴሌቪዥን ሲቢኤስ ሲያጣራ፣ ሞርተንሰን አጋቾቼ ብሎ ፎቶግራፋቸውን ካወጣቸው ሰዎች አንዱ እኛ እኮ አስተናጋጆቹ ነበርን አለ። በዓመቱ የሞንታና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ባወጣው ሪፖርት፣ ሞርተንሰን ያቋቋመው የበጎ አድራጎት ድርጅት የራሱን የሞርተንሰንን መጽሐፎች ለመግዛት ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር፣ ለማስተዋወቅ ደግሞ ከዚያም በላይ ማውጣቱ ታወቀ። የደራሲነት ክፍያው ግን ወደ ሰውየው ኪስ ነበር የሚገባው። ንግግር እንዲያደርግ የጋበዙት ሰዎች የከፈሉለትን የጉዞ ወጪም ድርጅቱ ደግሞ ይከፍል ነበር። ሞርተንሰን ለድርጅቱ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊመልስ ተስማማ። ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አልተሠራም ማለት አይደለም፤ ብዙ ተሠርቷል። ማጣራቱን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ወደ ወሎ ስንመለስ፣ የ1977ቱን ድርቅ የሚተርክ ሰው በመጀመሪያ በቀንና በቦታ ይያዛል። የፈረንጆቹ 1984 እስከ ጳጉሜን የኛ 1976፣ ከመስከረም ወዲህ 1977 ነው፤ ይህን የሳተ ደራሲ ቢያንስ ማስታወሻ ደብተር አልነበረውም። ዓለምን ያስደነገጠው የቢቢሲ የኮረም ረሃብ ፊልም የታየው በጥቅምት ነውና ሁሉም ያን ወር ኮረም ነበርኩ ማለት ይወዳል። ከደሴ ኮረም ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው። በማለዳ በእግሩ ተነስቶ ለማታ ደረስኩ የሚል ካለ አርታኢው ምን እየሠራ ነበር? የባቲ ገበያም ሰኞ ነው፤ ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ በግ የገዛ ደራሲ ሌላ ከተማ ሄዶ ይሆናል።

ስለ ውሃ ጉድጓዱ ፎቶግራፍ አይበቃም፤ የምርቃት ቀን የማይፈስ ፓምፕ የለም። አፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕ ከሆነ ውስጡ ያለው ጎማ በየዓመቱ ይቀየራል። ማለዳ ላይ ብዙ ጊዜ ካልተመታ ውሃ የማይወጣ ከሆነ ታችኛው ቫልቭ ያፈስሳል፤ እጀታው ወዲያ ወዲህ የሚወላገድ ከሆነ ቡሹ (እጀታው የሚዞርበት ማቀፊያ) አልቋል። ሁለቱም በትንሽ ብር የሚጠገኑ ናቸው። መለዋወጫውን ማን እንደሚገዛ፣ የውሃ ኮሚቴው በየወሩ የሚያዋጣው ገንዘብ በማን እጅ እንዳለ ግን መጽሐፉ ውስጥ አይገኝም። ድንጋዩን ያጋዘው፣ አሸዋውን ያቀረበው፣ ጉልበቱን የሰጠው የአካባቢው ሕዝብም «ሠራሁ» በሚለው ነጠላ ግስ ውስጥ ይሰወራል። የቅሬውን (የዕድሩን) ሽማግሌዎች መጠየቅ ይቀላል፤ ማን ስንት ቀን እንደወጣ ያውቃሉ።

የተጠቃሚ ቁጥር ደግሞ እንዲህ ይፋፋል፦ 300 አባወራ በ5 ሲባዛ 1,500 ሰው ይሆናል። እነዚያው ሰዎች አንዴ በውሃ፣ አንዴ በትምህርት ቤት፣ አንዴ በሥልጠና ተቆጥረው ሽፋኑ ላይ 4,500 ሆነው ይወጣሉ። የስም ዝርዝሩን ሲጠይቁ ይሄ ሁሉ ይተናል።

ሕጉ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የአስተዳደር ወጪ ከገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል፤ የማስታወቂያ ወጪም በአስተዳደር ወጪነት ይቆጠራል። የመጽሐፉ ምርቃት፣ ፖስተሩና የሆቴል አዳራሹ «ማኅበረሰብን ማንቃት» በሚል በፕሮጀክት ወጪ ውስጥ ከተመዘገበ ግን ጣሪያው ምንም አይይዝም። ስለዚህ የኦዲት ሪፖርቱ ሲታይ ከድምሩ በፊት የወጪ ርዕሶቹ ይነበቡ። የመጽሐፉ ገቢ ለብቻው ካልተመዘገበ፣ «ገቢው ለተቸገሩ» የሚለው ጽሑፍ ከሽፋኑ ይነሳ።

ዝግጅት ክፍሉ የጉድጓዶቹን ዝርዝር በቀበሌና በጎጥ ስም፣ ከርክክብ ሰነዳቸው ጋር ከደራሲው ተቀብሎ ቢያትም፣ ስንቱ ዛሬ ውሃ እንደሚሰጥ የየወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ሊናገር ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከደሴ