ደህና ነኝ ብዬሽ ነበር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

እህት ዓለም፣

እንደምን ከረምሽ? እናትሽ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ አደጉ? ከተጠፋፋን ልክ ዓመት ሞላን። ዓመቱን ሙሉ ስልኬ ላይ ስምሽን እያየሁ አልፌያለሁ። ዛሬ ሥራ የለኝም፣ ውጪው ብርድ ነው፣ ጀበናዬን ጥጄ ተቀምጫለሁ። ቶናው ሳይደርስ ልጀምርልሽ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ያስቀየምኩሽን ልናገር። አምና በኅዳር የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት እስካሁን አላጠፋሁትም። ስምንት ደቂቃ ነው። ለቀማው መሀል ዝናብ መጥቶ የእናትሽ ቡና እንደተሰጣ መሻገቱን፣ ደመወዝሽ የቤት ኪራይ ከከፈልሽ በኋላ ወር አልደርስ ማለቱን፣ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ እያለሽ መሆኑን ነገርሽኝ። መጨረሻ ላይ «አንቺስ እንዴት ነሽ? እውነቱን ንገሪኝ» አልሽ። እኔ ደግሞ በነጋታው 100 ዶላር ላኩና «ደህና ነኝ፣ አይዞሽ» ብዬ ጻፍኩልሽ። አንቺም «ገንዘብ እኮ አልጠየቅኩሽም» አልሽኝ። ተናደድኩ። ደክሜ ከማገኛት ላይ ልኬ ይህ ነው ወይ ምላሹ አልኩ። ልክ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

እንዴት እንዲህ እንደሆንኩ ብዙ አስቤበታለሁ። ሥራዬ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ነው፣ ታውቂያለሽ። ለእያንዳንዱ ደንበኛ «ሃው አር ዩ» እላለሁ፣ እሱም ስልኩን እያየ «ጉድ» ይላል። ሲመጡ ሲሄዱ ይህን እላለሁ፣ በቀን መቶ ጊዜ አልፎ። እዚህ አገር ጥያቄው ሰላምታ ነው፣ መልስ የሚጠብቅ የለም። እናቴ ብትሆን ሰው አግኝታ «እንዴት ነህ» ስትል ቆማ ነው፣ ከብቱን፣ ልጁን፣ የታመመውን ሁሉ ጠይቃ ነው የምትለቀው። እኔ ግን የዚህን አገር ልማድ ከሥራ ቤት ይዤው ወጣሁና አንቺንም እንደ ደንበኛ መለስኩሽ።

የብሩም ነገር አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ በዚያው ቀን 74 ገባ፣ ዓመት ሳይሞላ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከአገር ቤት የሚደወልልኝ ስልክ ሁሉ መልኩ ተለወጠ። ድሮ ስለ ሰርግ፣ ስለ ልደት፣ ስለ ሰፈሩ ሰው እናወራ ነበር። አሁን «ዛሬ ስንት ገባ?» ሆነ ወሬው። እዚህ ያለነው ደስ ያለን መሰለን፣ የምንልካት ብዙ ብር ሆናለቻ! ዘይቱም መድኃኒቱም አብሮ እንደወጣ ያየነው ዘግይተን ነው። በዚህ ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው ደመወዝ 6,000 ብር ሆነ ሲባል መጀመሪያ ያሰብኩት አንቺን ነው። ጭማሪው ደረሰሽ? ወይስ ገና ሳይደርስሽ ኪራዩ ቀደመው?

እዚህም ሰው ተቸግሯል፣ ይህን ሳልነግርሽ ቀርቼ ነው። በመስከረም መጨረሻ የፌዴራል መንግሥቱ በጀት አጥቶ ተዘጋ፣ 43 ቀን። እንዲህ ረዝሞ አያውቅም። ዋሽንግተን አጠገብ ስለሆንን ግማሹ ደንበኛችን የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያ አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ የሚመጣ ሰው ሥጋውን መልሶ ምስር ሲያነሳ አየሁ። ኋላ ደግሞ ፉድ ስታምፕ የሚሉት፣ መንግሥት ለተቸገረ ሰው የሚሰጠው የምግብ ድጎማ፣ ተቋረጠ፤ 42 ሚሊዮን ያህል ሰው የሚበላበት ነው። አንዲት ሴት ካርዷ እንቢ አለና ዕቃውን አንድ በአንድ ከከረጢቱ ታወጣ ጀመር። ወተቱን አስቀረች፣ ቡናውን መለሰች። ከኋላዋ የቆመ ሽማግሌ ምንም ሳይናገር ካርዱን አስገብቶ ከፈለ። ስሟንም አልጠየቀ፣ እንዴት ነሽም አላላት። ይህንንም ልማዳቸውን ጻፍኩልሽ፤ ስለነሱ ክፉውን ብቻ እንዳታስቢ። በዚያው ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ የታሸገ ምግብ በካርቶን እያመጡ ያስቀምጡ ነበር።

የቡናው ነገር ግን አንጀቴን ይበላኛል። የእናትሽ ቡና በሻገተበት ዓመት ብራዚል ድርቅ ሆኖ ነበር፣ ቬትናምም እንዲሁ። ከዚያ በፈረንጆቹ 2025 የካቲት ላይ በኒው ዮርክ ገበያ አንድ ፓውንድ አረቢካ ከ4 ዶላር አለፈ፤ እዚያ ደርሶ አያውቅም። በዚያ ላይ የዚህ አገር መንግሥት በኛ ቡና 10 በመቶ፣ በብራዚል ቡና 50 በመቶ ቀረጥ ጣለ። እነሱ እኮ ከሃዋይና ከፖርቶ ሪኮ በቀር ቡና የሚያበቅሉበት የረባ ቦታ የላቸውም! መስከረም ላይ የተፈጨ ቡና በአማካይ ከ9 ዶላር በላይ ገባ ፓውንዱ። ሕዝቡ ሲማረር በዚህ በኅዳር ቀረጡን አነሱት። ቆርቆሮውን ስካነር ላይ ባሳለፍኩ ቁጥር የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ሰብሳቢው ለእናትሽ ስንት ከፈላቸው? ያ ሁሉ ዋጋ ጅማ ደርሷል?

ደግሞ እንዴት እንደሚጠጡት ብታዪ። ግማሽ ሊትር በሚይዝ ወረቀት ኩባያ፣ መኪና ውስጥ፣ ብቻቸውን፣ መሪ እየጨበጡ። እኔም እንደነሱ ሆኜ ነበር። ይህን ጀበና ሳላወጣው ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር።

አየሩስ እንዴት ነው? ያ ዝናብ ዘንድሮም ለቀማ ላይ መጣ? አንድ ጥናት አንብቤ ነበር፣ በፈረንጆቹ 2017 የወጣ። ምንም ካልተደረገ እስከ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ አሁን ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ላይመች ይችላል ይላል። ወደ ደጋው ከፍ ቢል ግን ቦታ አለ ይላል። አያትሽ የተከሉትን ማሳ ማን ነው ተሸክሞ ደጋ የሚወጣው? እዚህም ሙቀቱ ከብዷል። ከሁለት ዓመት በፊት የካናዳ ደን ተቃጥሎ ጭሱ እኛ ድረስ መጣ፣ ሰማዩ ቢጫ ሆነ፣ አውቶቡስ ለመጠበቅ ማስክ አደረግን። ያም ሆኖ አገሪቱ ከፓሪሱ ስምምነት እንድትወጣ ጥር ላይ ተፈረመ። በፈረንጆቹ 2027 ዓለም ስለ አየር ንብረት የሚመክረው አዲስ አበባ ነው ሲባል ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። ከዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድ ወንበር የተሰጣ ቡናዋ ሻግቶባት ያለቀሰች ሴት ብትቀመጥበት እወዳለሁ።

እውነቱን ንገሪኝ ብለሽኝ ነበር። ዓመት ዘግይቷል፣ ግን ይኸው። ጉልበቴን ያመኛል፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምውል። ኪራዩ ጨመረብኝና አንዱን ክፍል አከራየሁ። የምስጋና ቀን እያሉ የሚያከብሩት ባለፈው ሐሙስ ነበር፣ ሁሉም ወደ ቤተሰቡ ሄደ፣ እኔ ሽሮ ሠርቼ ብቻዬን በላሁ። ያን ማታ መልእክትሽን ደግሜ ሰማሁት። ስምንቱንም ደቂቃ። ከጀርባሽ ዶሮ ይጮሃል፣ እናትሽ «ማን ናት? ሰላም በይልኝ» ይላሉ። አምና ይህን አልሰማሁትም ነበር።

ቅዳሜ ባንቺ ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት እደውላለሁ። እዚህ ሰዓቱን ወደ ኋላ ስለመለሱት ልዩነታችን አሁን 8 ሰዓት ነው፣ እኔ ጋ እኩለ ቀን ይሆናል። የዚያን ቀን ሥራ አልገባም፣ አስቀይሬዋለሁ። እናትሽ ካሉ ስልኩን አቀብያቸው። ቡና አፍልተሽ ጠብቂኝ፣ እኔም አፈላለሁ።

እህትሽ