የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ የዓመቱ ሥራ፦ ድልድዩን ያነሣው የአሸዋ ጣሳ

ዘንድሮ የክበባችን አባላት በድምፅ ብልጫ የመረጡት ሥራ ለጀልባ የሚከፈት ድልድይ ነው። ሮኬት ተሸነፈ። እኔም ውሳኔውን ወደድኩት፤ ድልድይ መሥራቱም አለመሥራቱም ለሁሉም ይታያል።

የሚከፈቱ ድልድዮች በአመዛኙ ሦስት ዓይነት ናቸው፤ ወለሉ ወደ ላይ የሚታጠፍ፣ በምሰሶ ላይ ወደ ጎን የሚዞር፣ በሁለት ማማዎች መካከል ቀጥ ብሎ ከፍ የሚል። እኛ የያዝነው የመጀመሪያውን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 የተመረቀውን የለንደኑን ታወር ብሪጅ ዓይነት ነው። የዚያ ድልድይ ሁለት ክንፎች እያንዳንዳቸው ከ1,000 ቶን በላይ ይመዝናሉ። ተማሪዎቹ ይህን ሲሰሙ «ምን ዓይነት ሞተር ቢኖረው ነው?» ብለው ክርክር ገጠሙ፤ አንደኛው ሴሚስተር ከሞላ ጎደል በዚሁ አለቀ።

የጣውላ ክንፋችንን ከአሮጌ መጫወቻ በተፈታ ሞተር ለማንሣት ተሞከረ። ሞተሩ አቃስቶ ቆመ። ወዲያው የትልቅ ሞተር ጥያቄ በጽሑፍ ቀረበልኝ፤ እኔም በጽሑፍ ከለከልኩ። በመጨረሻ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከማጠፊያው በስተኋላ በተረፈው የክንፉ ጭራ ላይ ባዶ ጣሳ አስራ፣ አሸዋ በማንኪያ ትጨምርበት ጀመር። ጣውላው በእጅ ተነሥቶ ሲለቀቅ እዚያው ባለበት መቆም ሲጀምር ማንኪያዋን አስቀመጠች። ያው ደካማ ሞተር ያለ ጩኸት አነሣው። በእውነተኞቹ ድልድዮችም ክብደቱን የሚመክተው ከኋላ ያለው ማመጣጠኛ ስለሆነ፣ ሞተሩ በዋናነት የሚታገለው ከነፋስና ከሰበቃ ጋር ነው።

ሁለተኛው ሴሚስተር የቅደም ተከተል ነበር። በአሜሪካ ደንብ ድልድይ እንዲከፈትለት የሚፈልግ መርከብ አንድ ረጅም፣ ቀጥሎ አንድ አጭር ጥሩምባ ያሰማል። ተቆጣጣሪው መክፈት ከቻለ ያንኑ ይመልሳል፤ ካልቻለ አምስት ጊዜ አጫጭር ያሰማል። (ይህ ምልክት በየኮሪደሩ በፉጨት ሲያስተጋባ የታገሡንን መምህራን እናመሰግናለን።) ከዚያ ቀይ መብራት ይበራል፣ ደወል ይደወላል፣ የመንገዱ መዝጊያ ይወርዳል። ወለሉ ላይ ማንም አለመቅረቱ ሲረጋገጥ መቆለፊያው ይሳባል፤ ክንፉም ይነሣል። እኛም መዝጊያው ሳይወርድ ለሞተሩ ኤሌክትሪክ እንዳይደርስ አድርገን ሽቦውን ዘረጋን።

«መኪናው ለምን ይጠብቃል?» የሚለው ክርክር ግን ቶሎ አለቀ፤ መኪና ፍሬን ይዞ ይቆማል፣ መርከብን ግን ሞተሩ ቢጠፋም ውኃው ይገፋዋል።

አባላቱ ደጋግመው ያስተረኩኝ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1952 ታወር ብሪጅ ላይ የሆነውን ነው። 78 ቁጥር አውቶቡስ ገና ሳይሻገር ክንፉ መነሣት ጀመረ፤ ሾፌሩ አልበርት ጉንተር ነዳጅ ረግጦ ክፍተቱን ዘለለው፣ የሞተ ሰውም አልነበረም። እነሱ ሾፌሩን ያደንቃሉ፤ እኔ ደግሞ አውቶቡሱ ላዩ ላይ ሳለ ክንፉ ለምን ተነሣ እላለሁ።

ለሚቀጥለው ዓመት የታቀደው ወደ ጎን የሚዞረው ነው፤ አርአያችንም በስዊዝ ቦይ ላይ ያለው የኤል ፈርዳን የባቡር ድልድይ ይሆናል። እሱ ባለ ሁለት ክንፍ ስለሆነ ሁለት ሞተር ይፈልጋል። የተበላሸ መጫወቻ ያላችሁ፣ ሞተሩን ሳትጥሉ ወደ ክበቡ ክፍል አምጡልን።