እናቴ በየት በኩል ነው የወደቀችው?

ለክቡር ኃላፊ፦

ሦስት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ሦስቱም ጊዜ «ለሚመለከተው ተመርቷል» ተባልኩ። የሚመለከተው ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ስለዚህ አራተኛውን እኔው ራሴ ለሕዝብ መራሁት።

ጉዳዩን ያውቁታል። ደሴና ኮምቦልቻ መሃል፣ ቦርከና ላይ ያለው አሮጌው የድንጋይ ድልድይ ነው። አባቴ «ጣሊያን በ1933 ሲወጣ ይዞት ያልሄደው ይኼን ነው» ይል ነበር። ባለፈው ክረምት አንድ ሲኖትራክ የዳር ግንቡን ገጭቶ ወንዝ ውስጥ ከተተው። እናንተም በግንቡ ፈንታ ሁለት በርሜል አቆማችሁ። አንዱን ሳምንት ሳይሞላው ሰው ወሰደው። (አልፈርድበትም፤ በርሜል ዛሬ ስንት ነው?)

ኅዳር ላይ እናቴ ከገበያ ስትመለስ ድልድዩ ላይ መኪና መጣባት። ወደ ዳር ጠጋ አለች። የምትደገፈው ግንብ የለም። ልብስ የሚያጥቡ ልጆች ደርሰው አወጧት፤ ዳሌዋ ግን ተሰብሯል። የሰባ ዓመት ሴት ናት።

በሳምንቱ ቢሮዎ መጣሁ። ባለሙያው ቀና ሳይል «እናትዎ በየት በኩል ነው የወደቁት?» አለኝ። ቀኝ ወይስ ግራ ማለቱ መስሎኝ «በግራ» አልኩት። ለካስ በደሴ በኩል ነው ወይስ በኮምቦልቻ በኩል ማለቱ ነው! «በዚያኛው በኩል ከሆነ እኛን አይመለከትም» አለኝ። በዚያኛው በኩል ያሉትም ያንኑ አሉኝ። እናቴ ይህን ስነግራት ሳቀች። ሳቋም ያማታል።

የሰፈሩ ሰው አዋጥተን እንሥራው አልን። «ቅርስ ነው፣ አይነካም» ተባልን። ሲኖትራኩ ታዲያ ከማን አስፈቅዶ ነው የነካው? አዋጅ ቁጥር 209/1992ን እኔም አንብቤዋለሁ። ቅርስ ያለ ፈቃድ አይጠገን ይላል። ጨርሶ አይጠገን ግን አይልም።

ቦርከና ከደሴ ኮምቦልቻ እስኪደርስ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቋጥኝ እያንከባለለ ነው የሚመጣው። የድልድዩን እግር ከሥር ቦርቡሮታል፤ ወርደው ቢያዩት በእጅ ይዳሰሳል።

የግንቡ ድንጋዮች አሁንም ወንዙ ውስጥ ናቸው። ቆጠርናቸው፣ 31 ናቸው። ክረምቱ ሳይወስዳቸው ፈቃዱን ይፈርሙልን። ባለሙያ ይላኩልን፤ ጉልበቱ ከእኛ።

አራተኛ ጊዜ አመልካች