የሳይንስን ዓመት በገጽ አንቁጠረው፦ ለሥርዓተ ትምህርት ኃላፊው ግልጽ ደብዳቤ

ለሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት መሥሪያ ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ ትምህርት ዓመታዊ ዕቅድ የሚዘጋጅበት መንገድ እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የሳይንስ መምህራን ተሰብስበን የዓመቱን ዕቅድ የምናወጣበት መንገድ፣ እኔ በማስተማር ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ አልተለወጠም። የመማሪያ መጽሐፉን ማውጫ እንከፍታለን፤ የገጹን ብዛት ለሳምንታቱ ቁጥር እናካፍላለን፤ የተገኘውን በተላከልን ቅጽ ላይ ሞልተን ለርእሰ መምህሩ እናስረክባለን። ከዚያ በኋላ የሚጎበኘን ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀን ስንተኛው ገጽ ላይ እንደ ደረስን ነው። ይህን የምጽፍልዎ ዕቅድ ማውጣትን በመቃወም አይደለም፤ ያለ ዕቅድ የተሰጠ የሳይንስ ትምህርት ምን ያህል እንደሚባክን በራሴ ክፍል አይቼዋለሁ። የምጠይቀው ዕቅዱ ከማውጫው መነሣቱ ቀርቶ በእርግጥ በእጃችን ካለው ጊዜ፣ አንዱ ሐሳብ በሌላው ላይ ከሚቆምበት ቅደም ተከተል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተፈጥሮ ክስተቶች ራሳቸው ከሚወስዱት የቀን ብዛት እንዲነሣ ነው።

ከጊዜው ልጀምር። ትምህርቱ በሳምንት 4 ክፍለ ጊዜ የሚሰጥና የትምህርት ዘመኑ 36 ሳምንት የሚዘልቅ ቢሆን፣ ቅጹ 144 ክፍለ ጊዜ አለ ብሎ ይነሣል። ተማሪዎች ተሟልተው እስኪገቡ የሚያልፈው የመጀመሪያው ሳምንት፣ የሁለቱ መንፈቀ ዓመታት ፈተናና እርማት የሚወስዷቸው 4 ሳምንታት፣ መጨረሻ ላይም ውጤት የሚጠናቀርበት አንድ ሳምንት ሲቀነሱ 30 ሳምንት፣ ማለትም 120 ክፍለ ጊዜ ይቀራል። በዓላት፣ ስብሰባዎችና የመምህሩ ሕመም በየመንፈቀ ዓመቱ 6 ክፍለ ጊዜ ብቻ ይወስዳሉ ብንል እንኳ የሚተርፈን 108 ነው። ከታቀደው ውስጥ ሩቡ፣ 36 ክፍለ ጊዜ፣ ዕቅዱ ሲጻፍም አልነበረም ማለት ነው። የዚህን ጉድለት ዕዳ ሁልጊዜ የሚከፍሉት በመጽሐፉ መጨረሻ የተቀመጡት ምዕራፎች ናቸው፤ ተማሪው የኤሌክትሪክን ዑደት በእጁ ሳያገናኝ፣ ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃም ቀና ብሎ ሳያይ፣ ማስታወሻ ገልብጦ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል።

ቅደም ተከተሉም የዚያኑ ያህል ያሳስበኛል። እፍግታን፣ ማለትም መጠነ ቁስ ለይዘት ሲካፈል የሚገኘውን፣ በቀመር አስልቶ ሙሉ ነጥብ ያገኘን አንድ ተማሪ፣ ትልቅ ግንድ ተንሳፍፎ ትንሽ ምስማር ለምን እንደሚሰምጥ ብጠይቀው «ግንዱ ስለሚቀል ነው» ብሎ መለሰልኝ። ልጁ ሰነፍ አልነበረም። መጠነ ቁስን በሚዛን፣ ይዘትን ደግሞ በተለካ ውኃ ውስጥ ዕቃ እየነከረ ለይቶ የሚያውቅበት ጊዜ ሳይሰጠው ሁለቱን እንዲያካፍል ተጠየቀ፤ አካፈለም። የበረዶ እፍግታ በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 0.92 ግራም ያህል፣ የውኃ ደግሞ 1 ግራም መሆኑ ትርጉም የሚኖረው እነዚህን ሁለት ልኬቶች በእጁ ለዳሰሰ ልጅ ነው። መለካት በመጀመሪያው ምዕራፍ አንድ ጊዜ ተነሥቶ የሚዘጋ ርዕስ ሆኖ እንዲቀርብ የሚያደርገው ግን ዕቅዳችን ራሱ ነው። ቁስ አካል ከጥቃቅን ቅንጣቶች የተሠራ ነው የሚለው ሐሳብም እንዲሁ ነው። ይህ ሐሳብ በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ቀድሞ ተሰጥቶ፣ በረዶ ሲቀልጥ፣ ስኳር ሲሟሟ፣ ሽታ ክፍሉን ሲያዳርስ፣ ብረት ሲሞቅ ሲለጠጥ፣ አየር በፊኛ ውስጥ ሲገፋ ደግሞ ደጋግሞ ካልተነሣ፣ ተማሪው እያንዳንዱን ክስተት እንደ አዲስ ይሸመድደዋል።

ብርሃን አስተፃምሮ፣ ማለትም ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚሠራበት ሂደት፣ ይህን ችግር ጎልቶ ያሳያል። ተክል ምግቡን ከአፈር ይበላል ብሎ የሚያምን ልጅ፣ አብዛኛው የዛፍ ክብደት ከአየርና ከውኃ የመጣ መሆኑን እንዲቀበል አስቀድሞ አየር ክብደት ያለው ነገር መሆኑን ማመን አለበት። የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተመራማሪ ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት 90 ኪሎ ግራም በሚያህል ደረቅ አፈር ላይ 2.3 ኪሎ ግራም የምትመዝን የአኻያ ችግኝ ተክሎ ለ5 ዓመት ውኃ ብቻ አጠጣት፤ ዛፏ ወደ 77 ኪሎ ግራም ስትደርስ ከአፈሩ የጎደለው 57 ግራም ገደማ ብቻ ነበር። እርሱ ከሞተ በኋላ በ1648 እ.ኤ.አ. የታተመው ጽሑፉ ጭማሪው ሁሉ ከውኃ የመጣ ነው ይላል፤ የሚያስደንቀው «ጋዝ» የሚለውን ቃል የፈጠረው ይኸው ሰው ሆኖ ሳለ የአየሩ ድርሻ አለመታየቱ ነው። የእርሱን ያህል ሊቅ ያሳሳተውን ነገር፣ ስለ ጋዞች ገና ምንም ያልተማረ የ13 ዓመት ልጅ በሦስት ክፍለ ጊዜ እንዲረዳው መጠበቅ አግባብ አይደለም። ስለዚህ የጋዞች ትምህርት ከብርሃን አስተፃምሮ በፊት መምጣት አለበት፤ መጽሐፉ በሌላ ቅደም ተከተል ቢጻፍም መምህሩ ምዕራፎቹን የማቀያየር ፈቃድ ሊኖረው ይገባል።

አሁን ከልቤ ወደምለው ልምጣ። የዓመት ዕቅድ የሚባለው ነገር ትልቁ ሀብት ዓመቱ ራሱ ነው፤ እኛ ግን አንድ ዓመት የሚፈልገውን ክስተት በአንድ ሳምንት እናስተምራለን። በትምህርት ቤቱ ግቢ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ እንጨት አቁመን፣ በየሁለት ሳምንቱ በቀትር፣ ማለትም የቀኑ ጥላ ከሁሉ በሚያጥርበት ሰዓት፣ የጥላውን ርዝመት ብንለካና በግራፍ ብናሰፍር የሚወስድብን በወር ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። የወቅቶች ምዕራፍ ሲደርስ ተማሪው የራሱን ግራፍ ይዞ ይቀርባል። ምድር ወደ ፀሐይ ስትቀርብ ይሞቃል፣ ስትርቅ ይበርዳል የሚለው ግምቱም ከባድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ምድር ለፀሐይ የምትቀርበው በጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ፣ በ147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ሲሆን፣ የምትርቀው ደግሞ በጁላይ መጀመሪያ፣ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ ጃንዋሪ ግን በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ብርዱ የሚጸናበት ወር ነው። መልሱ በምድር ዛቢያ የ23.5 ዲግሪ ዘንበል ማለት ላይ መሆኑን ያን ጊዜ የሚሰማው፣ ወራት ሙሉ ሲረዝምና ሲያጥር በዓይኑ ያየው ጥላ ምክንያት ስላገኘለት ነው።

ጨረቃም እንዲሁ ናት። ከአንዱ ሙሉ ጨረቃ እስከሚቀጥለው 29.5 ቀን ያህል ስለሚያልፍ፣ ልጆቹ የጨረቃን መልክና የታየችበትን ሰዓት በደብተራቸው እየሣሉ አንድ ዙር ለመጨረስ ወር ይፈልጋሉ፤ ደመና የሚሸፍናቸው ሌሊቶች ስለማይቀሩ ደግሞ ሁለተኛ ዙር ያስፈልጋል። ሥራው በጥላ ልኬት ላይ ተደርቦ በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት መጀመር ሲገባው፣ ምዕራፉ የዓመቱ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ማንም አያስበውም። የምስማር ዝገትም ቢሆን፣ አንዱን ምስማር በደረቅ አየር፣ አንዱን ፈልቶ በዘይት በተሸፈነ ውኃ፣ አንዱን አየር በሚያገኘው ውኃ ውስጥ አስቀምጦ ለማነጻጸር ከሳምንት በላይ ይጠይቃል፤ ዘርም ከመማሪያው ቀን ቀደም ብሎ ካልተዘራ በሰዓቱ ቡቃያ አይገኝም። መምህሩ እነዚህን በየትኛው ሳምንት ጀምሮ በየትኛው እንደሚሰበስብ የሚጽፍበት ቦታ በአሁኑ ቅጽ ላይ የለም።

ስለ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ዕቃ ማደል፣ ጥንቃቄውን መንገር፣ መሥራት፣ ማጽዳትና ስለ ውጤቱ መነጋገር አይቻልም፤ የሚቆረጠው ደግሞ ሁልጊዜ ውይይቱ ነው። በሳምንት ካሉት 4 ክፍለ ጊዜዎች ሁለቱ ተያይዘው እንዲመጡ የጊዜ ሰሌዳው ሲወጣ መመሪያ ቢሰጥ፣ ተጨማሪ ሰዓትም ተጨማሪ ገንዘብም ሳይጠይቅ ብዙ ነገር ይስተካከላል።

እንግዲህ ከመሥሪያ ቤትዎ የምጠይቀው ይህ ነው። የዓመት ዕቅዱ ቅጽ በእርግጥ ከሚገኘው ክፍለ ጊዜ ይነሣ። ከ108ቱ ቢያንስ 12ቱ አዲስ ርዕስ የማይመደብባቸው፣ ተማሪዎች የሳቱት ነገር በምዘና ሲታወቅ ተመልሶ የሚሰጥባቸው ሆነው ይቀመጡ፤ ምዘና አድርጎ ለማረም ጊዜ አለመተው ሐኪም መርምሮ መድኃኒት ሳያዝ በሽተኛውን እንደ መሸኘት ነውና። ለ96ቱ የሚበዛው ይዘት ይቀነስ፤ የትኛው እንደሚቀር መወሰን ግን ጊዜ አጥሮት ለሚጨነቅ መምህር በሰኔ የሚተው ሳይሆን በመሥሪያ ቤትዎ ባለሙያዎች አስቀድሞ የሚሠራ ሥራ ነው። ረጅም ጊዜ ለሚወስዱ ምልከታዎች ራሱን የቻለ ዓምድ በቅጹ ላይ ይጨመር። ሱፐርቫይዘሮችም ክፍል ሲገቡ የገጽ ቁጥር ከመጠየቃቸው በፊት የተማሪውን የምልከታ ደብተር ከፍተው እንዲያዩ ይታዘዙ።

ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ በየትምህርት ቤቱ ይሁን አልልም። ፈቃደኛ በሆኑ ጥቂት ትምህርት ቤቶች፣ በአንድ የክፍል ደረጃ ለአንድ ዓመት ይሞከርና መምህራኑ የጻፉት መዝገብ ይታይ። የዕቅዱን ናሙና ለማዘጋጀት ኮሚቴ ከተቋቋመ፣ በየሳምንቱ ጠመኔ የሚይዙ መምህራን ቁጥራቸው ከግማሽ እንዳያንስ አደራ እላለሁ፤ እኔም ብጠራ የራሴን የዓመት ዕቅድና የተማሪዎቼን የጥላ ግራፎች ይዤ እቀርባለሁ።

ከከበረ ሰላምታ ጋር
አንድ የሳይንስ መምህር