ብድርን በብድር አትክፈል፣ ልጄ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ጉልበቴም ተሽሎኛል።

አጎትህ ለልቅሶ መጥቶ ነበር። በስልክ ተበድረህ፣ እሱን ለመዝጋት ከሌላ ባንክ ተበድረህ፣ አሁን ደግሞ የመሥሪያ ቤት ጓደኞችህን መጠየቅ ጀምረሃል አለኝ። ደሞዝህ ገና ከመግባቱ ወለድና ቅጣት ይወስደዋል አሉ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አጎትህን እንዳትቀየመው፤ ስለሚወድህ ነው የነገረኝ።

ኑሮ ተወደደ አትበለኝ፤ እኔም ገበያ እወጣለሁ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ዘይቱም፣ ታክሲውም፣ የቤት ኪራዩም ተከትሎት ወጣ። ይሄ ያንተ ጥፋት አይደለም። ብድሩ ግን ያንተ ነው። ብድርን በብድር አትክፈል።

ይሄን ጊዜ አባትህ ቢኖር ምን ይልህ እንደነበር አውቃለሁ። በ1983 ጦሩ ሲበተን ከአሥመራ በሱዳን ዞሮ ነው የገባው። ደሴ ሲደርስ እግሩ አብጦ ጫማ አይገባለትም ነበር። ታላቅ እኅትህ ያኔ ጡት አልጣለችም። አሥር አለቃ የነበረው ሰው ሰኞ ገበያ ወርዶ ኩንታል ተሸከመ። ማዳበሪያ አጥፎ ትከሻው ላይ ያደርግ ነበር፤ ቢሆንም ማታ ሸሚዙን ሳወልቅለት ከቆዳው ጋር ተጣብቆ አገኘዋለሁ። በለብታ ውኃ እያራስኩ ነበር የማላቅቀው። "እኔ እኮ እንዲህ ነበርኩ" ሲል አንድ ቀን አልሰማሁትም።

በ1985 መስከረም ደግሞ 2 ብር ከ7 ሳንቲም የነበረው ዶላር 5 ብር ገባ። ኪራዩም የሱቁ ዱቤም ተደራረበብን። ጎረቤት "አራጣ ተበደሩና ዱቤውን ዝጉ" ብሎ መከረን። እኔ እሺ ብዬ ነበር፤ አባትህ እምቢ አለ። የቀጠሮው ቀን ቅዳሜ ነው፤ እሱ ዓርብ ማታ ባለሱቁ ዘንድ ሄደ። "ግማሹን ይዣለሁ፤ ግማሹን በሚመጣው ቅዳሜ" አለው። ባለሱቁ ደብተሩን ገልጦ፣ ፊቱ ቆጥሮ ጻፈለት። እኔ አፍሬ ደጅ ቆሜ ነበር። ያ ሰው አባትህ ባረፈ ጊዜ ሠልስቱን ሙሉ ከድንኳን አልወጣም።

አንተም እንደዚያ አድርግ። ያለብህን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፍ፤ የማን፣ ስንት፣ መቼ። ቅጣት የሚቆጥረውን አስቀድመህ ክፈል። ጓደኞችህ ዘንድ ቀኑ ሳይደርስ ራስህ ደውል። ስልክህን እንዳታጠፋ! አጎትህ ሲደውል ታጠፋለህ አሉ፤ ይሄ በጣም አናደደኝ። አንድ ክፍል ብቻህን ከምትከራይ ደባል ፈልግ። ምሳህን ቋጥረህ ሂድ፤ ምን ያሳፍራል? ደግሞም ብድርን በብድር አትክፈል፣ ስልኩ ላይ "ተፈቅዶልዎታል" ቢልህም እንኳ።

የእኔ ዕቁብ በሚመጣው ወር ይወጣል። የጓደኞችህን እልክልሃለሁ፤ እነሱም የእናት ልጆች ናቸው። ለስልኩ ብድር ግን አንድ ብር አልልክም። እሱን ከደሞዝህ ራስህ ትወጣዋለህ። ጨከነች አትበል፤ እንደምትችለው ስለማውቅ ነው።

ሽሮና በርበሬ በአውቶብስ ልኬልሃለሁ። ከላስቲኩ አውጥተህ ጠርሙስ ውስጥ ገልብጠው፣ እንዳይነቅዝ። ከስተሃል አሉኝ፤ ቁርስ ሳትበላ አትውጣ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እጠብቅሃለሁ፤ ወረቀቱን ይዘህ ደውልና አንድ በአንድ ታነብልኛለህ።

እናትህ